ኮርኔል የሌለበት ዘፈን

«ለቅዳሜው ቀረጻ አሥራ ሁለት ሸክላ መረጥኩ» አለ ኮርኔል። የፕላስቲክ ሣጥኑን የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ አስቀምጦ፣ ውስጡ የተደረደሩትን ሸክላዎች እንደ መጽሐፍ ገጽ አንድ በአንድ ይገልጣል። «ሦስቱ የአባቴ ናቸው። አንዱ ቢጫር ቤት አልገባም።»

ዮላንዳ ሣጥኑን እንጂ ፊቱን አላየችም። አጠገቧ የቆመው ሬናርድ የጃኬቱን ዚፕ ወደ ላይ ወደ ታች ሲያደርግ ቆይቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቅዳሜ ቀርቷል ጀለስ» አለው። «ሚስተር ዊትሎክ ደውሎ ነበር። ስቱዲዮው ውስጥ የሆነ ዕቃ ተበላሽቶበት ለሚቀጥለው ሳምንት አዛውሮታል።»

ኮርኔል ቀና አለ። ሬናርድን ምንም አልጠየቀውም። ወደ ዮላንዳ ዞረ።

«እውነት ነው ዮዮ?»

የክፍል ደወል እስኪደወል ብትጠብቅ ኖሮ ሳትመልስ ትገላገል ነበር። ደወሉ ግን ዘገየ።

«እንደዛ ነው የተባለው» አለች።

«በቃ፣ እንዲያውም ይሻላል። በሁለተኛው ዘፈን ገና አልረካሁም» አለና ሣጥኑን አንስቶ፣ በትከሻው በሩን ገፍቶ ገባ። ዮላንዳ ከኋላው ስታየው ሣጥኑ ከብዶት ወደ አንድ ጎን ተንጋዶ ነበር።

ቡድናቸው «የደረጃው ልጆች» ይባላል። ስሙን ያወጣው ኮርኔል ነው። ስድስተኛ ክፍል እያለ፣ ሰሜን ፊላደልፊያ በሚገኘው ቤታቸው ደጃፍ ደረጃ ላይ፣ ከአክስቱ ልጅ ከፐርሲ ጋር ሆኖ ነው የጀመረው። ኮርኔል ሸክላውን በጣቱ ወደፊትና ወደኋላ እያሸ ምቱን ይሠራል፤ ፐርሲ በላዩ ላይ ራፕ ያደርጋል። ከዚያ ዋልተር የሚባል ቀውላላ ልጅ ገባ። ፐርሲ ከእናቱ ጋር ወደ ደቡብ ካሮላይና ሲዛወር በሱ ቦታ ሬናርድ መጣ። ዋልተር ለቅርጫት ኳስ ቡድን ተመርጦ ሲለቅ ደግሞ ዮላንዳ ተተካች። በአራት ዓመት ውስጥ ሁሉም ሲቀያየር ሳይቀየር የቆየው ኮርኔል ብቻ ነው።

ሰው በለቀቀ ቁጥር ይሸኛል። የፐርሲን ሻንጣ ተሸክሞ እስከ አውቶቡስ ጣቢያው ሄዷል። ዋልተር መጀመሪያ የተጫወተ ቀን ሜዳው ዳር ቆሞ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኾለታል። ዮላንዳ ለሙከራ በመጣችበት ቀን፣ የሰፈሩ ወንዶች «ደግሞ ሴት ልጅ?» ብለው ሲስቁ፣ ማይኩን ያቀበላት እሱ ነበር። «ቀስ ብለሽ ጀምሪ። ብትሳሳቺም አትቁሚ፤ እኔ እከተልሻለሁ» ነበር ያላት። ሁለት ጊዜ ተሳስታለች። ሁለቱንም ጊዜ ሸክላውን በጣቱ ጎተት አደረገውና፣ ስህተቷን ሆን ተብሎ የተደረገ አስመሰለው።

ሚስተር ዊትሎክ የሰማቸው በሰፈሩ ወጣት ማእከል ባቀረቡት ዝግጅት ላይ ነው። ከምንጣፍ ሱቅ ጀርባ ትንሽ ስቱዲዮ ያለው፣ ሁልጊዜ ክራቫት የሚያስር ሰው ነው። ዝግጅቱን በካሴት ቀዳና «በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ስቱዲዮ ኑ» ብሏቸው ሄደ። በሳምንቱ ሰኞ ሬናርድ ቤት ደወለ። ሬናርድም በዚያው ማታ ለዮላንዳ ደወለላት።

«ሁለታችንን ብቻ ነው የፈለገው» አላት በስልክ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዲጄ አያስፈልገኝም ነው የሚለው። አሁን ምቱን ሁሉ የሚሠራ ማሽን አለው። መድረክ ላይም ካሴት ከፍተን ነው የምንዘፍነው።»

«ኮርኔልስ?»

«ኮርኔል መጀመሪያ ትንሽ ይከፋዋል። መጀመሪያ እኛ እንግባ፤ ከዚያ እሱን እናስገባዋለን። አሁን ብንነግረው ግን እኔም አልሄድም ትያለሽ፣ ሁላችንም እዚሁ ደጃፉ ላይ እንደተጎለትን እንቀራለን። ይኼንን ነው የምትፈልጊው?»

ይኼንን አልፈለገችም። እናቷ ሆስፒታል ውስጥ ወለል ስትወለውል የምታዳምጣት ትንሽ ሬዲዮ አለቻት፤ ዮላንዳ ከዚያች ሬዲዮ ውስጥ የራሷ ድምፅ ሲወጣ ስንት ጊዜ በሐሳቧ ሰምታዋለች። «መጀመሪያ እኛ እንግባ» የሚለውን ይዛ ስልኩን ዘጋች። ሐሙስ ዕለት ደረጃው ላይ ኮርኔል ሲጠይቃትም «እንደዛ ነው የተባለው» ያለችው ይኼንኑ ይዛ ነው።

ቅዳሜ ስቱዲዮው ውስጥ የተበላሸ ነገር አልነበረም። ሚስተር ዊትሎክ ጠረጴዛ የሚያክለውን ማሽን አስነሣና ምቱን ለቀቀው። ምቱ ልክ ነው፣ ሰዓት አይስትም፣ አይደክምም። ዮላንዳ የመጀመሪያውን ስንኝ ጨርሳ ትንፋሽ ልትወስድ ስትል፣ ከማሽኑ ውስጥ አንድ ድምፅ ወጣ፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ እንደ መሳቅ የሚል የሸክላ ፍቅፍቅታ። አፏን ከፍታ ቀረች።

«ምነው ቆምሽ?» አለ ሚስተር ዊትሎክ።

«ይሄ እኮ ኮርኔል ነው።»

«ነበር» አለ ሰውየው፣ ምንም ሳይመስለው። «ከዝግጅቱ ላይ ቆርጬ አስገባሁት። አሁን አንድ ቁልፍ ነው። ከመጀመሪያው እንጀምር።»

ዮላንዳ ወደ ሬናርድ አየች። ሬናርድ የጆሮ ማዳመጫውን እያስተካከለ መሬት መሬት ያያል። ከመጀመሪያው ጀመሩ። ያን ቀን አንድም ቦታ አልተሳሳተችም፤ ብትሳሳት የሚከተላት እንደሌለ ታውቅ ነበር።

ዘፈኑ በሁለት ሳምንቱ፣ አርብ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ የኮሌጅ ሬዲዮ ተላለፈ። እስከዚያ ድረስ ሬናርድ ለኮርኔል «ገና አልተጠራንም» እያለ አቆይቶት ነበር። የዮላንዳ እናት ሥራ ቦታዋ ሆና ሰምታው፣ መጥረጊያውን ይዛ ኮሪደሩ ላይ መደነሷን ለጎረቤት ሁሉ ተረከች። ዮላንዳ እየሳቀች ሰማቻት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስንቴ ድገሚልኝ ትላት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ኮርኔል ትምህርት ቤት፣ የደብተር መቆለፊያ ሣጥኗ አጠገብ ቆሞ ሲጠብቃት፣ ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ ከአፏ ጠፋ።

«ሰማሁት» አላት። «ሁለተኛው ስንኝ ሥር ያለው የኔ እጅ ነው። ወዲያው ነው ያወቅኩት። የራስሽን ሳል እንደምታውቂው ማለት ነው።»

«ኮርኔል…»

«ቆይ፣ ልጨርስ። ሬናርድ አንቺንም ሸውዶሻል፤ አይደል? ቅዳሜ ጠዋት ድንገት መጥቶ ‹ነይ፣ ዛሬ ነው፣ ኮርኔል አሞታል› ምናምን ብሎ ነው የወሰደሽ። ሁለት ቀን ሙሉ ሳስበው ነበር። እሱ ያደርገዋል። አንቺ ግን እንደዛ አታደርጊም።»

ዓይኑ ቀልቷል። አዎ እንድትለው እየለመናት ይመስል ነበር። ዮላንዳ አንገቷን ነቀነቀች። አዎ ማለቷ ነበር።

ኮርኔል ረጅም ትንፋሽ አወጣ። «አውቄ ነበር» አለና ትከሻዋን ቸብ አድርጎ ወደ ክፍሉ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በራሱ እያደገ ሄደ። ሬናርድ ስኪፕ የሚባል ዳንሰኛ ወደ ቡድኑ አስገባ። «አሁንም ሦስት ነን» አለ፣ የጎደለው ቁጥር ብቻ እንደሆነ ሁሉ። ኮርኔልን ስለማስገባት አንድ ቀን ብታነሣበት «ዊትሎክን አንቺ ጠይቂው» አላት። አልጠየቀችውም።

የባሰው የመጣው ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ዴኒዝ የምትባል፣ የምትፈራው ሰው የሌላት የክፍላቸው ልጅ፣ ዮላንዳ ሳህኗን ይዛ ስታልፍ መንገዷን ዘጋችባት።

«እዩዋት የሬዲዮዋን እመቤት» አለች፣ ጠረጴዛው ሁሉ እንዲሰማ። «ቡድኑን የመሠረተውን ልጅ የት ጣላችሁት? ነው ወይስ ራሱ ወድቆ ነው?»

ልጆቹ ሳቁ። ዮላንዳ አፏን ሳትከፍት ከኋላዋ የኮርኔል ድምፅ መጣ።

«ተያት ዴኒዝ። እሷ አታውቅም ነበር። ሬናርድ ሁለታችንንም ነው ያሞኘን።»

«እሺ፣ እሷስ አፍ የላትም?»

«እኔ ነኝ የምልሽ። ከኔ በላይ ማን ያውቃል?»

ዴኒዝ ዮላንዳን ከላይ እስከ ታች አየቻት። «አንተ ካልክ» ብላ መንገዱን ለቀቀች። ኮርኔል ፈገግ ብሎላት ወደ ቦታው ተመለሰ። ዮላንዳ ያን ቀን ምሳዋን አልነካችውም። ወንዶች ሲስቁባት ማይክ ያቀበላት ልጅ፣ አሁን ደግሞ ስሟን ይጠብቅላታል። የእሱን ስም ግን እሷ አልጠበቀችለትም።

ሁለት ቀን አንገራገረች። ረቡዕ ከትምህርት በኋላ፣ የተሳፈረችበት የከተማ ባቡር ቤቷ አጠገብ ሲደርስ አልወረደችም። ሦስት ፌርማታ አልፋ፣ የኮርኔል ቤተሰብ የሚሄድበት ቤተ ክርስቲያን ጋ ወረደች። ኮርኔል አሁን ከሰዓት በኋላውን እዚያ ነው የሚያሳልፈው፤ ለመዘምራኑ ማይክና ድምፅ ማጉያ ያስተካክላል። ሸክላዎቹን ሲያወጣ ያየ ሰው የለም።

መዘምራኑን የሚመሩት ሚስ ኦዴሳ በሩ ላይ አገኟት። «የሬዲዮ ሰው መጣብን» አሉ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው። «ልትዘምሪ ነው ልጄ ወይስ ቆመሽ ልታይን?»

«ኮርኔልን ፈልጌ ነው፣ ሚስ ኦዴሳ።»

«እዚያ ነው፤ ገመድ እየጠቀለለ። ቶሎ ልቀቂልኝ፤ ያለሱ አልጀምርም።»

ኮርኔል መድረኩ ጥግ ቁጢጥ ብሎ ረጅም ጥቁር የማይክ ገመድ በክንዱ ላይ ይጠቀልላል። ሲያያት ደስ አለው። ይህ ነው ከሁሉም ያስቸገራት።

«አውቅ ነበር» አለችው፣ ሰላም ከማለቷ በፊት።

«ምኑን?»

«ቅዳሜ እንዳልቀረ። ደረጃው ላይ ስትጠይቀኝ አውቅ ነበር። ሬናርድ ሰኞ ነግሮኛል። ድንገት አልወሰደኝም። ራሴ ነኝ የሄድኩት።»

ገመዱን መጠቅለሉን አላቆመም። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ ሦስት ዙር። ከዚያ እጁ ቆመ።

«ታዲያ መቆለፊያው ጋ ስጠይቅሽ?»

«ፈራሁ።»

«ምን አደርግሽ ነበር?»

ኮርኔል ምንም አያደርጋትም ነበር። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ።

«የሬናርድ አልከበደኝም» አለ ቀስ ብሎ። «ፐርሲ ሲሄድ ነግሮኝ ሄደ። ዋልተርም ነግሮኝ ሄደ። እኔም ‹ውጣ› ብትሉኝ እወጣ ነበር፤ ተናድጄም ቢሆን። በአንቺ ግን… ለእናቴ ነግሬያታለሁ እኮ። ለፐርሲ ጽፌለታለሁ። ለዴኒዝ፣ እዛ ሁሉ ሰው ፊት። ‹ዮዮ አታውቅም ነበር› እያልኩ ስዞር ከረምኩ። ለካ የምዋሸው እኔ ነኝ።»

«ይቅርታ ኮርኔል።»

«ሰምቻለሁ» አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣም ምሕረትም አልነበረም። ተነሥቶ የተጠቀለለውን ገመድ ግድግዳው ላይ ሰቀለ። «ሚስ ኦዴሳ እየጠበቁኝ ነው።»

ስትወጣ መዘምራኑ ጀመሩ። በሩ ላይ ጥቂት ቆማ አዳመጠች። የእያንዳንዱ ሰው ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ማይኩን ማን እንዳስተካከለው የሚያውቅ ያውቀዋል። ቤቷ ድረስ በእግሯ ሄደች።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ኮርኔል ከመስኮቱ ሥር ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ ነበር። ስትገባ አልዞረም። በሌላ በኩል ሬናርድና ስኪፕ እጃቸውን ያውለበልባሉ።

«ዮላንዳ፣ ነይ እንጂ፣ ቦታ ይዘንልሻል» አለ ሬናርድ። «ዊትሎክ ለቅዳሜ ፈልጎናል።»

ሰማችው። ሳህኗን በሁለት እጇ ይዛ በጠረጴዛቸው አጠገብ አለፈችና ዴኒዝና ጓደኞቿ ካሉበት ጋ ቆመች።

«ልቀመጥ?»

«ጠረጴዛው የኔ አይደለም» አለች ዴኒዝ፣ ድንቿን እያኘከች።

ዮላንዳ ተቀመጠች። ሳህኗን አስቀምጣ ትንሽ ገፋ አደረገችው።

«ያን ቀን አንድ ነገር ጠይቀሽኝ ነበር» አለች። «የመለሰልሽ ኮርኔል ነው። እኔ አልመለስኩልሽም።»

ዴኒዝ ሹካዋን አስቀመጠች። ሌሎቹም ወሬያቸውን አቁመው ዞሩ። ዮላንዳ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ ከሰኞ ማታው ስልክ ጀመረች።