ፊልሙን ማን ያዘው?

ሰው አስፈሪ ነገር ሌሊት ብቻ የሚመጣ ይመስለዋል። እኔ ያየሁት ግን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ ፀሐይ በክሊኒኩ መስኮት ሙሉ እየገባች። ያላመነ ይተወው። እኔም ባላየው እመርጥ ነበር።

የልጆች ጥርስ ሐኪም ነኝ።

የዚያን ቀን ሆዷ የገፋ እናት ትንሽ ልጇን ይዛ ገባች። የልጁ አንድ ጉንጭ አብጧል። እሷ ከሱ ብሳ ገርጥታለች።

አውቃታለሁ... አምና ትልቋን ልጇን ያመጣቻት እኔ ጋ ነበር። ዘመድ አዝማዱ "የወተት ጥርስ አይደል፣ ይወድቃል" እያለ ሲያዘናጋት ከርሞ፣ የመጡት እብጠቱ የልጅቷ ዓይን ሥር ሲደርስ ነው። መግሉ አጥንት ውስጥ ገብቷል። ልጅቷ በዚያ ሕመሟ መሃል ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን የፕላስቲክ መንጋጋ እያየች፣ "እሱንስ አያመውም?" ብላ ጠይቃኝ ነበር።

ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላክኋት። አልተረፈችም።

ይህን "ይወድቃል" የሚሉትን ነገር ያመጣውን ሰው ባገኘው፣ አንድ መንጋጋውን ሳላደነዝዝ እነቅልለት ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚል ሰው ሁሉ ጥርስ ላይ ሲደርስ ይረሳዋል።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ዘንድሮ እናትየዋ አልዘገየችም። ዛሬ ጠዋት ነው ያበጠው አለችኝ።

"ዶክተር... አጥንቱ ጋ ደርሶ ይሆን?"

ራጅ ሳላነሳ ምን ልበላት?

ለጥርስ ራጅ ትንሽዬ ፊልም አፍ ውስጥ ትገባለች። ልጅ ነክሶ መያዝ ሲያቅተው ወላጅ በጣቱ ይይዝለታል። ባይመከርም እኛ ጋ የሚሠራው እንደዚያ ነው። እሷ ግን ነፍሰ ጡር ናት፣ ጨረር አጠገብ አትቆምም። ስለዚህ ልጁን ከባዱን የጨረር መከላከያ ሽርጥ አለበስኩት፣ ሁለቱን እጆቹን ከሥሩ ከተትኩና ፊልሙን ነክሶ እንዲይዝ ለመንኩት። ደጋግሞ ተፋው። እስቲ አንዴ ልሞክር ብዬ እንደገና አስቀመጥኩለትና እናትየዋን ይዤ ወጣሁ።

በሩ ላይ ወደ ውስጥ የሚያሳይ መስታወት አለ። የራጁን ቁልፍ ልጫን ስል...

የልጁ ሹክሹክታ ተሰማኝ።

"ቀስ በይ... ያመኛል።"

እናቱ አጠገቤ ናት።

በመስታወቱ አየሁት። አፉን በሰፊው ከፍቷል። አልነከሰም። እጆቹ ሽርጡ ሥር ናቸው።

ፊልሙ ግን አልወደቀም...

ቁልፉን ተጫንኩ።

ፊልሙን አጥቤ ብርሃን ላይ ሳየው መጀመሪያ ደስ አለኝ። መግሉ አጥንቱን አልነካም። ጥርሱ ተነቅሎ፣ መድኃኒት ወስዶ ይድናል።

"አልደረሰም" አልኳት። "ልጅሽ ይተርፋል።"

ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች። እኔም ዓይኔ እንባ ሞላ። አምና ልነግራት ያልቻልኩትን ነበር የነገርኳት።

የፊልሙን ጥግ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

የጣት አጥንት...

የወላጅ ጣት ፊልም ላይ ማየት ለኔ ብርቅ አይደለም። ይሄኛው ግን ቀጭን ነው። ገና እድገቱን ያልጨረሰ የልጅ አጥንት ነው።

ልደብቀው ፈለግሁ። አልቻልኩም፣ እናት ናትና ቀድማ አየችው።

"ማነው የያዘለት?" አለች በሹክሹክታ።

የመለሰላት ልጁ ነው፣ ወንበሩ ላይ እንደተጋደመ።

"እትዬ ናት። እጇ በጣም ይቀዘቅዛል።"

እናትየዋ ፊልሙን ከእጄ ወሰደችና በሁለት መዳፏ መሃል ይዛ፣ ቀስ እያለች በትንፋሿ ታሞቀው ጀመር...