ዘነበች የምትሰማው ድምፅ

ሙት አናገረኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ፊቱ ላይ የምስቅ ሴት ነኝ፣ ጉለሌ ከወጣችሁ አዲሱ ገበያ ማንንም ጠይቁ። ይህኛው ግን እኔው ቤት ውስጥ፣ በቀን የሆነ ነው።

ታላቅ እህቴን ዘነበችን ስትሮክ ከመታት ወዲህ የሰው ንግግር አይገባትም። ጆሮዋ የደነቆረ እንዳይመስላችሁ፣ የታክሲ ጥሩምባ ያስደነግጣታል፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲነካ ሮጣ ልብስ ከገመድ ታወርዳለች፣ ራሷም ትናገራለች፤ የሌላው ሰው ቃል ብቻ ጫጫታ ሆኖባታል። ሐኪሙ «ንግግር የሚፈታው የአንጎሏ ክፍል ነው የተጎዳው፣ ንባብ በሌላ መንገድ ስለሚገባ ተርፎላታል» አለኝ። እናም በመሠረተ ትምህርት ፊደል የለየሁት እኔ፣ ሁሉን በጠመኔ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ አስነብባታለሁ። ስለ እሷ የሆነ ነገር ሳታነበው አይወሰንም፣ በቃ።

አንድ ከሰዓት ልጇ ግርማ መጣና ጠመኔዬን ወስዶ ኪሱ ከተተው።

«እትዬ፣ አሁን ከጻፉላት ታለቅሳለች። ነገ መኪና ይመጣል፣ አራተኛ ፎቅ ያለው ቤቴ ስትደርስ ታየዋለች።»

«እንደ ዕቃ ልትጭናት ነው? ጠመኔዬን አምጣ።»

«ቢጽፉላት ምን ይለወጣል?»

«አይሆንም ትላለቻ።»

ዘነበች ጀርባዋን ሰጥታን በመስኮት ዝናቡን ታያለች። ማንም ያልተቀመጠበት የጥጉ ወንበር ሲጥ አለ። እመኑኝ፣ ድመት እንኳ የለንም። ዘነበች ዞረች፣ አንገቷን ወደ ወንበሩ ዘንበል አድርጋ፣ ወሬ ሲነገራት እንደ ድሮዋ «እህ... እህ» እያለች ቆየች።

«አራተኛ ፎቅ አልሄድም» አለች። «መኪናውንም ተወው፣ ግርማ።»

ጆሮዋ ተከፈተ ብዬ «ዘኔ፣ ትሰሚኛለሽ?» ስላት፣ የወፍ ጫጫታ እንደሚያዳምጥ ሰው አፍ አፌን አየችኝ። ግርማ ሳልጠይቀው ጠመኔውን ሰጠኝ። «ማን ነገረሽ?» ብዬ ጻፍኩ።

አንብባ ተቆጣች። «ጋሼ ነዋ። እናንተማ መንጫጫት እንጂ መቼ ትነግሩኛላችሁ።»

ጋሼ የምንለው ታላቅ ወንድማችን ነው፣ ወንበሩም የሱ ነበር፣ ከቀበርነው ብዙ ዘመን ሆነው።

ግርማ ዳግመኛ መኪና አላነሳም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ግን ያን ዕለት እሱ እንደወጣ ዘነበች ወደ ወንበሩ ዞራ ጥቂት አዳመጠች፣ ፊቷ ተለዋወጠ፣ እጄን ያዘችና «ያንቺንም ነገረኝ፣ ልንገርሽ?» አለችኝ።

ሰው የራሱን ጉዳይ ይወቅ ብዬ የተከራከርኩት እኔው ነኝ። «እሺ» ብሎ መጻፍ ምን አለው? ጠመኔው እጄ ላይ ነው። እሷ በየቀኑ ሰሌዳውን እያየች ትጠብቃለች፣ እኔ እስካሁን አልጻፍኩም።