የሙሴ ስድስተኛ ቃል

«ስላንበረከኩኝ አይደለም ያለቀስኩት» አለ ሙሴ። «ሲስቁብኝ ነው።»

ተረፈች የወንድሟን ሱሪ አየች። ሁለቱም ጉልበቶች ላይ የክፍሉ አቧራ እንዳለ ነው። ሙሴ ቡራዩ ውስጥ ሦስተኛ ክፍል ይማራል። ከስድስት ቃላት የአምስቱን ትርጉም ጽፎ አንዱን ባዶ ስለተወው፣ ቲቸር ወንዳፍራሽ ሰሌዳው ሥር አንበርክከውታል። «እናንተ ቤት አማርኛ የሚያውቅ የለም?» ሲሉት ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ነገ መልሱን ይዞ መሄድ አለበት።

«የትኛው ቃል ነው?»

«ይቺ። ሰማኔ።»

ተረፈች ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ በአማርኛ ከክፍሏ የሚቀድማት የለም። ይህን ቃል ግን ሰምታው አታውቅም። ስልኳ ላይ ፈለገች፤ ምንም የለም። ይሄ ደግሞ ይባስ አናደዳት። አባቷ ኦቦ ቢቂላ ከሥራ ሲገቡ ወረቀቱን አሳየቻቸው።

«ከሰማይ ጋር የተያያዘ ይሆን?» አሉ። ስለ ሳቁ ስትነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር መፍታት ጀመሩ። «ዺሲ» አሉ በኦሮምኛ፤ «ተዪው። አላገኘነውም ይበላቸው።»

«እንደገና እንዲያንበረክኩት?»

አባቷ ወደ ሌላኛው ጫማቸው ክር ዞሩ። «ተዪው» ማለታቸው ከልጆቹ ሳቅ በላይ አንገበገባት። ወረቀቱን አንስታ ከላይ ጀምራ ጮክ ብላ አነበበች። «ገበሬ። ግንበኛ። አናጺ። አንጥረኛ። ነጋዴ። ሰማኔ።» ቆም አለች። «ሙሴ፣ እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«ሰዎች።» ትንሽ አሰበ። «የሚሠሩ ሰዎች። ሁሉም ሥራ ነው።»

ወረቀቱን ወደ አምፖሉ አስጠጋችው። ፎቶኮፒው ላይ አንድ ነጭ መስመር ከዳር እስከ ዳር አልፏል። «ሸ» አናቷን አጥታ «ሰ» ሆናለች።

«ሸማኔ ነው» አለች።

«ሸማኔማ አውቃለሁ። ጋቢ የሚሠራ ነው።»

እንደሚያውቀው ስትሰማ፣ «ነገ አብሬህ እሄዳለሁ» አለች።

በማግስቱ ጠዋት፣ «ዝም ብዬ ጽፌ ልስጣቸው፤ ይቆጡኛል» እያለ ቢለምናትም አብራው ሄደች። ቲቸር ወንዳፍራሽ ክፍሉ በር ላይ ቆመው ወረቀቱን አገላበጡት።

«አሃ፣ ያንተ ኮፒ ደብዝዟል። ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አሉት። ወደ ተረፈች ዞረው፣ «በይ፣ አንቺም እንዳይረፍድብሽ» አሉ።

«ቲቸር፣ ያንበረከኩት ልጆቹ ፊት ነው» አለች። «ስህተቱ የወረቀቱ እንደነበረም ልጆቹ ፊት ይንገሩለት። ስለ ቤታችን የተናገሩትም ስህተት እንደነበረ ይንገሯቸው።»

«እኔን ልታስተምሪኝ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ሰምቻለሁ። ሂጂ።»

ከመንገዱ ማዶ የእሷ ትምህርት ቤት ደወል ተደወለ። ከደወሉ በኋላ የመጣ ተማሪ ከበር ይመለሳል። ተረፈች ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ግድግዳው ሥር አስቀመጠች።

«እጠብቃለሁ» አለች።