ለሐረጓ የተለቀቀ ቦታ

«መቶ አርባ በመቶ ሠላሳ!» አለች ጋሊያ ከጠባቧ ክፍል ውስጥ። «አባ፣ በሩ ወደ ውስጥ ሲከፈት ግማሹን ቦታ ይበላብናል እኮ። ይነቀልና መጋረጃ ይሁን።»

አባቷ አዳነ የሜትሩን ጫፍ እንደያዘ ራሱን ነቀነቀ።

ጋሊያ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሮቫ ዳሌት በሚባለው ሰፈር ያለውን የቤታቸውን ሳሎን ሁለት ግዙፍ ቁም ሳጥኖች ሞልተውታል፤ እንግዳ ሲመጣ ጉልበት ለጉልበት ተጣብቆ ነው የሚቀመጠው። ኮሪደሩ ጫፍ ያለችውን የዕቃ ክፍል ልብስ ቤት እናድርጋት ብላ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምናለች፤ ማን ሰምቷት! ባለፈው ሳምንት ግን አባቷ ከመሬት ተነስቶ «እስቲ ንድፉን ሥሪው» አላት።

እሷም ሠራችው። ሸሚዝና ጃኬት አጭር ስለሆኑ ሁለት መስቀያ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች። ለቀሚስ በአንድ በኩል ብቻ ረጅም ቦታ። ጥጓ እንኳ ሳትቀር መደርደሪያ ደርሷታል።

እናቷ ጸሐይ ከሥራ ስትመለስ ወረቀቱን አየችና ፊቷ በራ። «ከታች ያለውን ባዶ ተይልኝ፤ የሐረጓ ሻንጣዎች ይገቡበታል።»

ሐረጓ፣ ጸሐይ አውሮፕላን ስትሳፈር ጎንደር የቀረችው ታናሽ እህቷ ናት። ይኸው አሥራ አምስት ዓመት እነሱ ወዳሉበት አገር የመምጫ ፈቃድ ትጠብቃለች። ጸሐይ ደመወዝ በተቀበለች ቁጥር አንድ ነገር እየገዛችላት ሦስት ሻንጣ ሞልቷል።

«አባትሽ እሷን አስቦ ነው ቤቱን የሚያሰፋው» አለች ጸሐይ እየሳቀች። «አፍ የለውም እንጂ ልብ አለው።»

ልብስ ልትቀይር ስትገባ አዳነ ወደ ልጁ ጠጋ አለ። «ለሻንጣዎቹ ቦታ አትተዪ።»

«ለምን?»

«ሐረጓ ዐርፋለች። ሦስት ሳምንት ሆናት።»

ጋሊያ እናቷ ወደገባችበት ክፍል ዞር ብላ አየች። «እማ አታውቅም?»

«መርዶ እንዲሁ አይነገርም። እሑድ ማለዳ የሰፈሩ ሽማግሌ አባ ምትኩ ሌሎቹን ሽማግሌዎች ይዘው ይገባሉ፣ ዘመድ ከየከተማው ይሰበሰባል። ያ ሁሉ ለቀስተኛ የት ይቀመጣል? ሳሎኑ መለቀቅ አለበት።»

«ታዲያ የኔ ንድፍ...»

«ሌላ ምን ብዬ ቁም ሳጥኑን ላውጣው? ትጠረጥራለች።»

ጋሊያ ተናደደች። ሁለት ዓመት የለመነችው ነገር የለቅሶ ቤት ማዘጋጃ ሆኖ አረፈው! ደግሞ የአባቷን ዓይን መቅላት ስታይ ንዴቷን የት እንደምታደርገው ጠፋት።

ሁለት ቀን ጣውላ ሲቆረጥ፣ ሲበሳ ሰነበተ። ጸሐይ እየዘፈነች ልብስ አጣጠፈች። ረቡዕ ከሰዓት ሥራው አለቀ፤ ሳሎኑ ወለል አለ።

«ጋሊያዬ፣ ነገ ከሥራ እቀራለሁ» አለቻት እናቷ። «ማሪና ወደቡ አጠገብ ያለው ሱቅ ሚብጻ አለው፣ ጫማ በግማሽ ዋጋ። የሐረጓ እግር ልክ እንዳንቺ ነው። አንቺ ትለኪላታለሽ፣ እንገዛላታለን።»

«በሴደር፣ እማ» አለች ጋሊያ። በዕብራይስጥ እሺ ማለቷ ነው።

ፔሌፎኗን ይዛ ደረጃው ላይ ወጣችና ደወለች። «አባ ምትኩ፣ ጋሊያ ነኝ፣ የአዳነ ልጅ።»

«ደኅና ነሽ ልጄ?»

«አይደለሁም። እሑድን አይጠብቁ፤ እባክዎ ነገ ማለዳ ይምጡ።»

«ዘመዱ መቼ ተሰበሰበና?»

«የደረሰው ይድረስ። ነገ ጫማ ልትገዛላት ነው፣ በኔ እግር ለክታ። እኔ አልችልም፣ አባ። እርስዎ ካልመጡ እኔው እነግራታለሁ።»

«ብቻሽን እንዳትነግሪያት» አሉ ሽማግሌው። «ጎህ ሲቀድ እንገባለን። አንቺ ብቻ ከአጠገቧ አትለዪ።»

ስትመለስ ጸሐይ ባዶው ሳሎን መሐል ቆማ ዙሪያውን እያየች ነበር።

«እማ፣ ዛሬ አንቺ ጋ ልተኛ?»

«ምነው፣ ሕፃን ሆንሽ እንዴ?» ብላ ሳቀችባት፤ ክንዷን ግን ዘረጋችላት። ጋሊያ ሄዳ ገባችበት።