የመጋዘኑ አረንጓዴ መብራት

የመጋዘን ኃላፊው ከበቆሎው ቁልል ሥር በደረታቸው ተደፍተው የተገኙት ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። ለነቀዝ የተለቀቀው ጋዝ እሳቸውን ገደለ። ከበሩ በላይ ያለው መብራት ቀይ ሲሆን ቁልፉ አይከፈትም፤ አረንጓዴ ሲሆን ማንም ይገባል። ምክትላቸው ሬሳውን ጎትቶ ሲያወጣ መብራቱ አረንጓዴ ነበር። ፖሊስ ሲደርስ ግን ቀይ ሆኖ ጠበቀው።

መርማሪውን ባልደረቦቹ «አይቸኩል» ይሉታል፤ ስሙን ያወጡለት ለፌዝ ነበር፣ በኋላ ግን አፈሩበት። የመጋዘኑ ቢሮ ውስጥ ሰው ሁሉ ጣቱን የቀሰረው በሟቹ ልጅ ላይ ሆኖ አገኘው። መብራቱን ከኢንተርኔት ካላንደር ጋር ያገናኘችው እሷ ናት።

«እንደማያውቅ ሰው አስረጂኝ» አላት።

«የነቀዝ ባለመድኃኒቱ ጋዝ ሲለቅ ካላንደሩ ላይ ጋዙ የሚቆይባቸውን ቀናት ይሞላል። እዚያ አንድ ነገር በተለወጠ ቁጥር ወዲያው ለፕሮግራሜ ይደርሰዋል። ቀኑ ከተሞላ ቀይ ያበራል፤ ባለመድኃኒቱ ጋዙ መውጣቱን ለክቶ ሲሰርዘው አረንጓዴ።»

«ሌላ ሰው ሊሰርዘው ይችላል?»

«አባዬ፣ ምክትሉ፣ ባለመድኃኒቱ፣ ባለቤቱና እኔ፣ አምስታችንም የምንገባው በአንድ የይለፍ ቃል ነው። ለየብቻ ላውጣላችሁ ብላቸው ማን ያስታውሰዋል አሉኝ።» እንባዋ መጣ። «ግን አልተሰረዘም፤ ካላንደሩን ያዩት ሁሉ ሐሙስ እንደተሞላ ነው ይላሉ። ስለዚህ የተሳሳተው ፕሮግራሜ ነው። አባዬን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ካላንደሩን ራሷ ከፍታ እንዳየች ጠየቃት። እጇ እምቢ እንዳላት ነገረችው። አንጀቱን በላችው፤ ቢሆንም አይዞሽ ለማለት ጊዜው ገና ነበር።

ባለመድኃኒቱ ጋዙ እስከ ዓርብ መቆየት ስለነበረበት ምንም እንዳልሰረዘ ማለ። በውሉ መሠረት ሰኞ ሊጀምር የነበረውን ሥራ ዝናብ ከልክሎት ማክሰኞ እንደጀመረና የካላንደሩንም ቀን እዚያው በሩ ላይ ቆሞ በስልኩ እንዳስተካከለ ተናገረ። ምክትሉ ደግሞ የሟቹን ወንበር ይመኛል ተብሎ የሚታማ ሰው ነው። ማክሰኞ ዕለት የበሩን ክፍተት በላስቲክ ያሸጉት እሱና ሟቹ እንደነበሩ፣ ልጅቷም መብራቱን ልታይ መጥታ አብራቸው እንደቆመች አስረዳ። ሲወጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ኃላፊው የሻገተ በቆሎ ከደህናው ጋር አላስቀላቅልም ብለው ለጤና ቢሮ ሊያመለክቱ እንደነበር ጨመረለት።

የመጋዘኑ ባለቤት ከሄደበት ከተማ የደረሰው አመሻሽ ላይ ነው። ገና ከመግባቱ ልጅቷን አቀፋት። «የሰው ልጅ ይሳሳታል፣ ልጄ። አልከስሽም» አላት።

«እርስዎ ከመቼ ጀምሮ አልነበሩም?» አለው አይቸኩል።

«ከእሑድ። ጋዙ ሲለቀቅም አላየሁ፣ ሰውየው ሲሞቱም አላየሁ።»

«በስልክስ ስለ ሥራው የነገረዎት የለም?»

«ከመርዶው በቀር ማንም ምንም አላለኝም።»

በማግሥቱ አይቸኩል አራቱንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰባቸው። ልጅቷ ካላንደሩን እንድትከፍት አደረገ፤ ከፈተችው።

«ይህ የጋዝ ቀጠሮ መቼ ነው የተጻፈው?»

አየች፤ ደግማ አየች። «ሐሙስ። አባዬ ከሞተ በኋላ።»

«እንግዲህ ባለመድኃኒቱ የጻፈው ሌላ ነበር፤ ተሰርዟል። ፕሮግራምሽ ስረዛውን ሰምቶ እንደታዘዘው አረንጓዴ አበራ። የሰረዘው ሰው ሞታቸውን ሲሰማ መልሶ ጻፈው፣ መብራቱም ቀላ። አሁን ቀጠሮው ከየት ቀን ይጀምራል?»

«ከሰኞ።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በውሉ ላይ ያለው ሰኞ ነው፤ ጋዙ የተለቀቀው ግን ማክሰኞ። ሦስታችሁ በሩ ላይ ቆማችሁ በዓይናችሁ አይታችኋል። ቀኑ መለወጡን ያልሰማ፣ ሲሰርዘውም የሐሙሱን ገጽ ብቻ ያየ አንድ ሰው ነው።»

ባለቤቱ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሳቀ። «እኔ እኮ እዚህ አልነበርኩም።»

«እኔም የምለው እሱን ነው። ካላንደሩ በየትም አገር ይከፈታል። ሐሙስ ጠዋት ለሟቹ መልእክት ልከው ገዢ መጥቷል፣ ናሙና አውጡ ያሏቸውም እርስዎ ነዎት፤ ስልካቸው ላይ አለ። ስለ ሻገተው በቆሎ የሚናገር አፍ መዝጋት ፈለጉ።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ፖሊሶቹ ሲይዙት ክንዱን አልነጠቀም።

አይቸኩል ወደ ልጅቷ ዞረ። «አንቺ አልገደልሽም። ሥራሽም አልተሳሳተም።»

እሷ ግን የምታየው ባለመድኃኒቱን ነበር። «ጋሼ፣ አባዬ እኮ ጠንቃቃ ሰው ነው። ከመግባቱ በፊት ለምን አልደወለልህም?»

ባለመድኃኒቱ መሬት መሬት አየ። «ድሮ ሳይደውሉ አይገቡም ነበር። መብራቱ ከተገጠመ ወዲህ ተዉት። ምነው ብላቸው፣ ‹ልጄ የሠራችው እያለ አንተን ምን አስቸገረኝ› አሉኝ።»

አይቸኩል ወንበር ሳበ። አጠገቧ ተቀመጠ።