የጥቁሩ ብስክሌት ፒን

ከጸሎቱ በፊት ሁለቱም ብስክሌቶች ደህና ነበሩ። ሆሳዕና ውስጥ ባለ አንድ የግል የእንስሳት ሕክምና ድርጅት ግቢ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዳቸው ለገጠር ሥራ ሊገዛ ለሙከራ የመጡ ናቸው። ሁለቱም ታጣፊ ናቸው፣ ሁለቱም በባትሪ ይሄዳሉ፣ ሁለቱም ጭቃ የማይበግረው ወፍራም ጎማ አላቸው። ጥቁሩ ሃያ አራት ኪሎ ስለሚመዝን ሴትም ብትሆን አጥፋ ሚኒባስ ላይ ትጭነዋለች። ግራጫው ሠላሳ አምስት ኪሎ ነው፤ ባትሪው ግን ሩቅ ያደርሳል። የጥቁሩ ወገብ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ማጠፊያውን የሚይዝ መዝጊያ አለ፤ መዝጊያው እንዳይከፈት ደግሞ የትንሽ ጣት ያህል ፒን ገብቶበታል። የድርጅቱ ባለቤት ዶክተር ብዙነህ በጥቁሩ ግቢውን ዞረ፣ ከበረንዳው ጠርዝ ላይም ዘሎ ወረደበት። ወገቡ አልተነቃነቀም።

ከዚያ ለመንገዱ ተጸለየ። ከጸሎቱ በኋላ ዶክተር ብዙነህ በጥቁሩ ብስክሌት ወደ ጊምቢቹ በሚወስደው መንገድ ወጣ። ከከተማው ዳር ያለው ቁልቁለት ላይ ብስክሌቱ ከወገቡ ታጠፈ። ሰው ሲደርስ ሐኪሙ ሞቶ ነበር።

ኢንስፔክተር ጣቢታ ሄራሞ ፖሊስ ጣቢያው ስትገባ ከብስክሌቱ አጠገብ ሣራ የምትባል የድርጅቱ ወጣት ሐኪም ቆማ አገኘች። ማንም አልጠራትም፤ በራሷ ፈቃድ ነው የመጣችው።

«ይጻፉት ኢንስፔክተር» አለች ሣራ። «የገደልኩት እኔ ነኝ።»

«በምን ገደልሽው?»

«ጥቁሩ ይገዛ ብዬ የሞገትኩት እኔ ነኝ። ያን ጠዋት ደግሞ ፒኖቹን ግሪስ ቀባኋቸው። አበዛሁት መሰለኝ። ተንሸራቶ የወጣው በኔ ምክንያት ነው።»

ጣቢታ አለቃዋ በስልክ ያሏትን አልረሳችም፤ «ራሷ አምና የለ? በቸልተኝነት ሰው መግደል ብለሽ ዝጊው» ብለዋታል። ቢሆንም ተንበርክካ የወገቡን ማጠፊያ በባትሪ መብራት አየችው። ፒኑ የለም። ቀዳዳው ግን ንጹሕ ነው፤ ጠርዙ አልተጫረም፣ አልሰፋም። ተሰብሮ የወጣ ፒን እንዲህ አይተውም። ከዚያ ቀና ብላ መሪውን አየች። መሪውም የሚታጠፍ ነው፤ የሱ ፒን በቦታው አለ።

«ይሄንንስ ማን ቀባው?»

«እኔው ነኝ። በዚያው ግሪስ።»

ጣቢታ ፒኑን ሳበችው፤ እምቢ አላት። ጫፉ ላይ ያለችውን ቁልፍ ተጭና፣ በሁለት ጣቷ ጠምዝዛ ስታወጣው ነው የለቀቀው። ጣቶቿ ጠቆሩ። በወረቀት ብትጠርገውም አልለቅ አለ።

«ቃልሽን ዛሬ አልቀበልም» አለቻት። «ሂጂና ጠብቂኝ።»

የድርጅቱ ግቢ ለቅሶ ሊደርስ በመጣ ሰው ተሞልቶ ነበር። ጣቢታ መጀመሪያ ያነጋገረችው የሟቹን አጎት፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የሆኑትን ጋሽ ዕንባቆምን ነው። ያን ጠዋት ጸሎቱን የመሩት እሳቸው ናቸው።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ። ይቅርብህ፣ ሌላ ሰው ይሞክረው ልለው አስቤ ነበር፤ በጸሎት ተመካሁና ተውኩት።»

«እንዴት ነበር የቆማችሁት?»

«ብዙነህ መሪውን ይዟል። ሣራና ሌላው ሐኪም ነህምያ በግራ፣ እኔ በቀኝ ነኝ። ሁላችንም እጃችንን ብስክሌቱ ላይ ጫንን፤ ዐይናችንን ጨፍነን፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን፣ ሁላችንም ባንዴ። ልማዳችንን ታውቂው የለ?»

«አውቀዋለሁ። ድምፁ ሲቀላቀል የማን እንደሆነ ይለዩታል?»

«የልጆቹን? ሲያስነጥሱ እንኳ እለያቸዋለሁ!»

«የማንን ሰሙ?»

«ብዙነህን ሰማሁ። ሣራንም፤ እሷ እስከ አሜን ድረስ አላቋረጠችም።» አሉ ሽማግሌው። «ነህምያ ድምፁ ከሁላችን ይበልጣል። ላንተ ማይክ መግዛት ብር ማባከን ነው እያልን እንቀልድበታለን። ያን ቀን ግን መሐል ላይ ጸጥ አለ። ልቡ ተነክቶ ነው ብዬ ደስ አለኝ።»

የንብረት ክፍሉ አቶ ዘርአብሩክ መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጧል። አባቱ ከጎንደር በመምህርነት መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እሱ ኦርቶዶክስ ስለሆነ ሌሎቹ ሲጸልዩ ዳር ይቆማል።

«የኔ ኃጢአት ዐይኔን አለመጨፈኔ ነው» አላት።

«ታዲያ ለኔ ጽድቅ ነው። ምን አዩ?»

«ምኑን አየሁት! ሰው ሲጸልይ አፍጥጦ ማየት ነውር ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ዞሬስ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ስልኬን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ዞር ባልል ኖሮ ሰውዬው ዛሬ በሕይወት ይኖር ነበር እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።»

«ከአሜን በኋላስ?»

«ዶክተር ሁላችንንም እየጨበጠ ተሰናበተን። ነህምያ ብቻ እጁን አጥፎ አንጓውን ሰጠው። ዶክተርም ‹አንተ ደግሞ ላም ስታዋልድ ነው የመጣኸው?› ብሎ ሳቀበት።»

«ሲያዋልድ ነበር እንዴ?»

«ኧረ የት! የእሁድ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ነው የመጣው፤ ፎቶ እንነሳለን ተብሎ።»

ነህምያ ጥያቄዋን ቆሞ ነው የመለሰው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው የእንስሳት ሐኪም ነው።

«እኔም ጥፋተኛ ነኝ» አለ። «ግራጫው ይሻላል ብዬ አጥብቄ መከራከር ነበረብኝ።»

«ለምን ነው የሚሻለው?»

«ባትሪው ሀቢቾን የመሰለ ሩቅ ቦታ አድርሶ ይመልሳል።»

«ግን ሣራ ልታነሳው አትችልም።»

«አትችልም።»

«ድርጅቱ ጊምቢቹ ላይ የሚከፍተውን አዲስ ቅርንጫፍ ከሁለታችሁ የሚመራው ብስክሌቱን ብቻውን ሚኒባስ ላይ መጫን የሚችለው ነው ተብሎ ነበር፣ አይደል?»

«ዶክተር ብሎ ነበር።»

«ጥቁሩን ነክተኸው ታውቃለህ?»

«በጸሎቱ ጊዜ ብቻ፤ እጄን መቀመጫው ላይ ጫንኩ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልነካሁትም።»

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሲሳሳ ጣቢታ አራቱን ሰዎች መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ጥቁሩ ብስክሌት እንደተጣመመ ከጣቢያው መጥቶ በግራጫው አጠገብ ተቀምጧል።

«ሁላችሁም ጥፋተኛ ነን ብላችሁኛል» ብላ ጀመረች። «የማይጠቅመኝ ጥፋት ግን አልነገራችሁኝም። ሣራ ግሪስ ቀባሁ አለችኝ። የመሪው ፒንም በዚያው ግሪስ ተቀብቷል፤ ከዚያ ሁሉ አደጋ በኋላ ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ግሪሱ ፒን አያወጣም፤ ፒን ያወጣውን ሰው እጅ ግን ያቆሽሻል።»

ሣራ ቀና አለች።

«ብዙነህ ግቢውን ሲዞርበት ፒኑ ነበር። ሲሞት አልነበረም። በመሐል የሆነው ጸሎቱ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ዐይን ሁሉ ተጨፍኗል፤ አቶ ዘርአብሩክም ፊታቸውን አዙረዋል። በጩኸቱ መሐል የፒን ድምፅ አይሰማም። ፒኑ በግራ በኩል ነው፤ በግራ የቆሙት ሁለት ናቸው። አንዷ እስከ አሜን ድረስ ጸልያለች። ሌላው ከሁሉ የሚበልጥ ድምፁን መሐል ላይ አጣ።»

«ልቤ ተነክቶ ነው» አለ ነህምያ።

«ሊሆን ይችላል። እንዲያ ባይሆን ኖሮ እየጸለይክ ታወጣው ነበር፤ ማንም አያውቅብህም። አፍህን ለጸሎት፣ እጅህን ለዚያ ማድረግ ግን አልቻልክም። ከአሜን በኋላ ብዙነህ እጁን ዘረጋልህ፤ አንተ አንጓህን ሰጠኸው። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ አዲስና ንጹሕ መቀመጫ ላይ እጁን ጭኖ የነበረ ሰው ለምን አንጓውን ይሰጣል?»

ነህምያ መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው። ጋሽ ዕንባቆም በሀዲይኛ ስሙን ጠሩት፤ እንደ ልመና ነበር።

«እዚሁ ይታጠፋል ብዬ ነበር» አለ በመጨረሻ። «እግሩን ሲያነሳ፣ እዚሁ ሁላችን ፊት። ወድቆ አቧራውን እያራገፈ ይነሳል፤ ‹የሣራ ምርጫ ይሄ ነው› ይላል ብዬ። ቢበዛ ጉልበቱ ቢላጥ ነው ብዬ...»

«መዝጊያው ፒን ባይኖረውም ወዲያው አይለቅም» አለች ጣቢታ። «ኮብልስቶኑ እያንቀጠቀጠ ነው ያላላው። ቁልቁለቱ ላይ ለቀቀ።»

«አላወቅኩም። ሳይታጠፍ በበሩ ሲወጣ...»

«‹ቁም› ብትለው ይበቃ ነበር» አለች ሣራ። ድምፅዋ ቁጣ አልነበረበትም። «አንድ ቃል፣ ነህምያ። አንተ ስትጠራ እኮ አስፋልቱ ማዶ ይሰማል።»

«ብጠራው ምን አድርገህ ነው ይለኛል ብዬ ፈራሁ። እጄ እንደቆሸሸ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።» ወደ ጣቢታ ዞረ። «ፒኑ ነጩ ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ነው። ቤት ነው ያለው፤ አላጠብኩትም።»

ጋሽ ዕንባቆም ዘርአብሩክን ተደግፈው ተነሱ። ነህምያ በአጠገባቸው ሲያልፍ ሽማግሌው እጃቸውን ከፍ አደረጉ። ሊመቱት ይሁን ሊባርኩት ለማንም አልታወቀም፤ መልሰው አወረዱት።

ሣራ ሌሎቹ ሲወጡ ቀረች።

«ኢንስፔክተር፣ ጥቁሩን የመረጥኩት ግን እኔ ነኝ። ከባዱን መርጬ ቢሆን ኖሮ...»

«ምርጫሽ ጥፋት መሆን አለመሆኑን ነገ ቁልቁለቱ ላይ እናያለን» አለቻት ጣቢታ። በማግስቱ ለሻጩ ደውላ ሌላ ጥቁር ብስክሌት፣ ያው ዓይነት፣ አስመጣች። የጣቢያው ሹፌር ፒኑን አስገብቶ በዚያው ቁልቁለት ወረደበት፤ ሣራ ከመንገዱ ዳር ቆማ አየች። ሹፌሩ መቶ ሁለት ኪሎ ይመዝናል። አሥር ጊዜ ወረደ፤ ማጠፊያው ከመጨረሻው በኋላ ሲለካ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አልላላም።