ከመጥረጊያ እንጨት የተሠራው ሲንቄ

«ሲንቄ ለትያትር አይወጣም» አሉ አሮጊቷ አኮ ዙቤዳ፣ ቀጭኗን ዘንግ ከግድግዳው ሳያወርዱ። «ከወጣ የተበደለች ሴት አለች ማለት ነው። ጉዳዩ ሳያልቅ ደግሞ ቤት አይመለስም።»

ዮዲ ክው አለች። ለማርች ስምንት የትምህርት ቤቱ ሴቶች ክበብ የሲንቄን ሥርዓት በትያትር ሊያሳይ ነው። እሷ ደግሞ የባሌ ዘንግ ሁሉ ቤቷ የተከመረ ይመስል «እውነተኛውን ይዤ እመጣለሁ» ብላ ፎክራለች። የአኮ ዙቤዳ የልጅ ልጅ ፈይሩዝ ሳቋን በሻሿ ሸፈነች።

አኮ ዙቤዳ ዘንጓን ባይሰጧትም ታሪኳን አልነፈጓትም። እናታቸው በሠርጋቸው ቀን የሰጧቸው ናት። አንዲት ሚስት ተደብድባ ስትጮኽ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ሊጡን ጥሎ፣ ላሙን ሳያልብ ሲንቄውን ይዞ ወጥቶ የባልየው ደጅ ላይ ይቀመጣል። በዳዩ ፊት ለፊታቸው ጥፋቱን እስኪያምንና እስኪክስ ንቅንቅ የለም።

«ዝም ብላችሁ ትቀመጣላችሁ?» አለች ዮዲ።

«መጮኹንማ እንጮኻለን። ግን ሰው ጩኸት ይለምዳል፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ። ደጁ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው የማይለመደው።»

ዮዲ እየተነጫነጨች ወጣች። ዘንግ ፈልጋ ምክር ተሸክማ መመለሷ አናደዳት። የመጥረጊያ እንጨት ነቅላ ቡናማ የጫማ ቀለም ቀባችው። ሲንቄ መሰለ፤ ማለት ከሩቅ፣ በጭጋግ ቀን።

የንዴቷ ሥር ግን ሌላ ነበር። የሴቶቹ መጸዳጃ ቤት ከጥቅምት ጀምሮ ተቆልፏል። ዳይሬክተሩ አቶ ደራራ ቁልፉ ጠፍቷል ብለዋል። ክበቡ አራት ደብዳቤ ጽፏል፤ አራቱን ደብዳቤ ለሁለት ተፋላሚ አገሮች ቢልኩት ጦርነት ያስቆም ነበር። መልሱ አራቴም «እየታየ ነው» ሆነ። ሴቶቹ በእረፍት ሰዓት ቤታቸው ይሮጣሉ። ፈይሩዝ በታኅሣሥ እንዲሁ ሮጣ ስትመለስ የፊዚክስ ፈተናው በር ተዘግቶ ጠበቃት፤ ዜሮ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ውስጥ ውሃ አትቀምስም። እናቷ የምትሞላላት ኮዳ ሙሉውን ሄዶ ሙሉውን ይመለሳል።

በበዓሉ ቀን ከጎባ እንግዶች መጡ። ነፋሱ ከሳነቴ ተራራ በቀጥታ ለዚህ ሜዳ የተላከ ይመስል ወንበር ይገለብጣል። ትያትሩ ሊጀመር ሲል አንዲት እንግዳ ወደ አቶ ደራራ ጠጋ ብለው አንሾካሾኩ። አቶ ደራራ ፈገግ አሉና እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ከተቱ። ቁልፍ አወጡ። ቀይ ሪባን የታሰረበት፣ የሚያብረቀርቅ ቁልፍ። ሴትዮዋ ሄደው ሲመለሱ የሳሙና ሽታ ይዘው ነው። ቁልፉም ወደ አቶ ደራራ ኪስ ተመለሰ።

ዮዲ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። አምስት ወር ሙሉ ሜዳ ለሜዳ ሲፈለግ የኖረው ቁልፍ ኮት ለብሶ ነበር የሚዞረው።

«አየሽው?»

«አየሁት» አለች ፈይሩዝ።

ትያትሩ ተጀመረ። አሥራ ሁለት ሴቶች ዘንጋቸውን ይዘው ጮኹ፣ ሜዳው ላይ ተቀመጡ። የጥጥ ጢም የለጠፉ ሽማግሌዎች በሰባት ደቂቃ ፍርድ ሰጡ፤ እንዲህ ያለ ፈጣን ፍትሕ ምድር አይታ አታውቅም። ጭብጨባው ቀለጠ። በልምምዱ መሠረት ሴቶቹ ተነሥተው እጅ ነሡ።

ዮዲ አልተነሣችም።

አዘጋጁ ቲቸር ፍቅረሥላሴ መጀመሪያ በዓይናቸው፣ ቀጥሎ በጣታቸው ምልክት ሰጧት። በመጨረሻ ጎንበስ ብለው «ዮዲት፣ አለቀ እኮ» አሉ።

«የትያትሩ ነው ያለቀው፣ ቲቸር።» እንደ ጀግና ልትናገረው አስባ ነበር፣ እንደ ጉንፋናም ወጣ። «የእኛ ቁልፍ እሳቸው ኪስ ውስጥ ነው።»

ጭብጨባው ቆመ። የአቶ ደራራ እጅ ሳያስቡት ወደ ኮታቸው ሄደ፤ የጎባዋ እንግዳም እጁን በዓይናቸው ተከተሉት። የዮዲ መዳፍ በላብ ረጥቦ የጫማ ቀለሙ ለቀቀ፣ ጣቶቿ ቡናማ ሆኑ። ልትነሣ ቢያሰኛትም ዘንጉን ጭኗ ላይ አጋድማ አስቀመጠችው።

ፈይሩዝ ቀሚሷን ሰብስባ አጠገቧ ቁጭ አለች። ከቦርሳዋ ኮዳዋን አወጣች፣ ክዳኑን ፈታች፣ እስከ ግማሽ ጠጣችና ለዮዲ አቀበለቻት።